አንድ ፊርማ ያነቀው ድርጅት

የጅማ ሰዎች፣ እስቲ በግልጽ እንነጋገር። በተለይ እናንተ አክሲዮን የገዛችሁ፣ ማኅበር ያቋቋማችሁ፣ ልጃችሁን «ሥራ አስኪያጅ ሆነህ ልይህ» ብላችሁ የምትመርቁ።

ሥራ አስኪያጅ ሲባል ዛሬም የሚታየን ትልቅ ጠረጴዛና ደጅ የሚጠና ሰልፍ ነው። ያለ እሱ ቼክ አይፈረምም፣ የወረቀት ግዢ እንኳ አይጸድቅም። እሱ አጋሮ ለቅሶ ከሄደ ቡና የጫነው መኪና ግቢ ውስጥ ቆሞ ያድራል። ሾፌሩ አበሉን ይጠብቃል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ፋይል ታቅፋ ስልክ ትሞክራለች፣ ስልኩ ዝግ ነው። እኛ ደግሞ «ጎበዝ ነው፣ ሁሉን በእጁ ይዞታል» እያልን እናወድሰዋለን። ተዉ! ድርጅቱ እኮ ታንቋል።

ሌላው ዓለም ይህን ወንበር ከከፋፈለው ቆይቷል። ሲቲኮርፕ የተባለው የአሜሪካ ባንክ በኮምፒውተር ሰርሳሪዎች ገንዘብ ከተዘረፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ለመረጃ ደኅንነት ብቻ የሚጠየቅ ከፍተኛ ኃላፊ ሾመ። ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ በሒሳብ ማጭበርበር እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወድቅ ደግሞ፣ በዓመቱ እዚያው አገር በወጣው ሕግ ዋና ሥራ አስፈጻሚውና የፋይናንስ ኃላፊው በሒሳብ ሪፖርቱ ላይ በግላቸው እንዲፈርሙ ተደረገ። «ሒሳብ ክፍል ነው የተሳሳተው» ብሎ ማምለጥ ቀረ።

ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው አትበሉ። ወደ ቡናችን እንምጣ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ፣ ወደዚያ የሚገባው ቡና ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ መሆን የለበትም። የማሳው መገኛ በካርታ ነጥብ ይጠየቃል፤ ማሳው ከ4 ሄክታር ከበለጠ ዙሪያ ድንበሩ ጭምር። የሚጀመርበት ቀን እየተገፋ መጣ እንጂ ሕጉ አልቀረም። የጎማና የጌራ ወረዳ ገበሬ ቡናውን የሚያለማው በዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ ማሳው ትንንሽ፣ ገበሬው ብዙ። ታዲያ ይህን ሁሉ መረጃ ማን ይሰበስባል? ሲጠየቅስ ማን ይመልሳል?

ገዢው ኢሜይል ይልካል። ጸሐፊዋ አትማ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ሥራ አስኪያጁ ከሳምንት በኋላ ጥግ ላይ «ለኤክስፖርት ክፍል» ብሎ ይመራዋል። ኤክስፖርት ክፍል ማለት ሰነድ ሲያመላልስ የሚውል አንድ ልጅ ነው። ገዢው ሲጠፋ «ዘንድሮ ገበያው ቀዝቅዟል» እንላለን።

ዛሬ ከመሪ የሚፈለገው ሥልጣን ማካፈል ነው። እስከዚህ ብር ድረስ አንቺ ወስኚ፣ የማሳው መረጃ ላይ አንተ ትጠየቃለህ ብሎ በጽሑፍ መስጠት። ከዚያም መከታተል። ከባድ ሥራ ነው፤ ከመፈረም ይከብዳል።

ጥፋቱ ግን የሱ ብቻ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን ያሳደግነው እኛ ነን። የአክስቱን ልጅ ካልቀጠረ «ኮራብን» ብለን የምናኮርፈውም እኛው። ጠቅላላ ጉባኤ ላይም ስለ ትርፍ ድርሻችን ጠይቀን፣ እጃችንን አውጥተን አጽድቀን፣ ምሳ በልተን እንበተናለን። በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የአክሲዮን ማኅበርን ቦርድ የሚመርጠው የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ነው። ግዴታውን ያልተወጣ የቦርድ አባልም በሕግ ይጠየቃል። ስለዚህ «ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይቀመጡልን» ብላችሁ ብቻ አትምረጡ። ለእርቅ ለሽምግልና እናከብራቸዋለን። ቦርድ ግን ሪፖርቱን አንብቦ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» የሚል ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው የሠላሳ ዓመት ሴት ብትሆንም ምረጧት።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ሒሳብም፣ ኮምፒውተርም፣ ግብርናም የተማሩ ልጆች ያስመርቃል። ቀጥራችሁ ፎቶ ኮፒ አታስነሷቸው፤ ኃላፊነት ስጧቸው። እናንተም ልጆች፣ ሁለት ሠራተኛ ሳትቀጥሩ ካርዳችሁ ላይ «ሲኢኦ»፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ ብላችሁ ለማሳተም አትቸኩሉ። መጀመሪያ የምትጠየቁበትን ሥራ ያዙ።

የዘንድሮው ጉባኤ ሲጠራ ከምሳው በፊት ጠይቁ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ወር ቢታመም ማን ይፈርማል? የገበሬው መረጃ በማን እጅ ነው? ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ቅጂው የት አለ? መልስ ካጣችሁ፣ ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ይያዝልን በሉ። ሳይያዝም አትነሱ።