ማስተካከያ፦ የፒክአፕ የኋላ ባሌስትራን ዝቅ ስለማድረግ

ባለፈው ስለ አሮጌ ፒክአፕ ስጽፍ፣ «በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ብሎክ ከገባ መኪናው ከኋላ ዝቅ ይላል» ብዬ ነበር። (ባሌስትራ የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ስፕሪንግ ነው፤ አክስል የግራና የቀኝ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ብረት፣ ብሎክ ደግሞ በሁለቱ መካከል የሚገባ ጠንካራ ቁራጭ ነው።) ይህ ለሁሉም መኪና አይሠራም። በእኔ ምክር ብሎክ የገዛችሁ ካላችሁ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ነገሩ በአሠራሩ ይወሰናል። ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ከታሰረ፣ ብሎኩ መኪናውን ዝቅ ያደርገዋል። ከአክስሉ በላይ ከተቀመጠ ግን ያው ብሎክ ጭራሽ ከፍ ያደርገዋል! የድሮዎቹ ፎር ባይ ፎር ሂሉክሶች የኋላ ባሌስትራቸው ከአክስሉ በላይ ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ከሥር ገብታችሁ እዩ። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስታችሁ ግን በፍጹም እንዳትገቡ፤ ጠንካራ መደገፊያ ይኑረው።

ሁለተኛው ስህተቴ ይብሳል። የባሌስትራ ብረት በእሳት አሙቆ ማቃናት ይቻላል ብያለሁ። አይቻልም። ብረቱ ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በልክ ተሞቆና ቀዝቅዞ ነው። እንደገና ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ጭነት ሲያርፍበት ይረግባል፣ ይሰበራልም። የተሰነጠቀውንም አታስበይዱት፣ ቀይሩት።

አንድ የዘለልኩትም አለ። አንዳንድ ሂሉክሶች ላይ ከአክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ እንደ ጭነቱ መጠን የኋላ ፍሬኑን ግፊት የሚወስን ቫልቭ አለ። መኪናው ዝቅ ሲል ቫልቩ ጭነት ያለ ይመስለዋል፤ ለኋላ ጎማ ብዙ ግፊት ይሰጣል። ባዶ መኪና ዝናብ ላይ ፍሬን ሲይዝ የኋላው ሊንሸራተት ይችላል። ዝቅ ካደረጋችሁ በኋላ ቫልቩን አስተካክሉት።

የባሌስትራውን ጎሚኒዎች (ጫፎቹ ላይ ያሉትን የላስቲክ ማስገቢያዎች) የሚይዘውን ቡሎን ደግሞ አጥብቃችሁ የምታስሩት መኪናው በጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው።