ቤት ስንቀይር ድመቷን ለማን አደራ እንስጥ?

የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። በዚያ አሸዋ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው የተጣሉ ድመቶች አይቻለሁ። አንዷ አንገቷ ላይ ቀይ ክር ነበራት። ክሩን ያሰረላት ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው ጨካኝ ስለሆነ የጣላት አይመስለኝም። ቤት ልቀቅ ተብሎ የሚያደርገው ያጣ ተከራይ ሊሆን ይችላል።

ይህን የምለው እኔም ጭንቁ ደርሶብኝ ስለነበር ነው። ባለፈው ጥቅምት ሳቢያን ሰፈር የተከራየኋትን ክፍል እንድለቅ ተነገረኝ። የአከራዬ ልጅ ሊያገባ ነው፤ ክፍሏ ለሙሽሮቹ ተፈለገች። ገንደ ቆሬ ሌላ ቤት አገኘሁ። ደላላው "ድመት እንዳለሽ እንዳትናገሪ" ቢለኝም ተናገርኩ፤ የቤቱ ባለቤትም ድመቴን ቡሬን ተቀበሉልኝ። ችግሩ ቤቱ ገና ልስን ላይ ነው። እስኪያልቅ 6 ሳምንት ጓደኛዬ ጋ ልቆይ ሆነ። የጓደኛዬ አከራይ ደግሞ እንስሳ ግቢያቸው እንዲገባ አይፈልጉም።

ድመት የሚይዝልኝ ሰው ፍለጋ 9 ቀን ዞርኩ። "ቀፊራ ገበያ ወስደሽ ልቀቂያት፣ የሥጋ ፍርፋሪ አታጣም" ያሉኝ ብዙ ናቸው። ለክፋት አይደለም፤ ድመት የትም ትኖራለች ብለው ነው። ድመት ግን ከሰው ባልተናነሰ ቦታ ትለምዳለች። የማታውቀው ሰፈር ስትጣል የነባሮቹ ድመቶች ክልል ውስጥ ነው የምትገባው። ይደበድቧታል። ውሻና ባጃጅ አለ። ከተጣሉት አንዳንዶቹ ወደ ድሮ ቤታቸው ለመመለስ ሲሞክሩ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ቤት ውስጥ ላደገች ድመት መልቀቅ ነፃነት አይደለም።

ድሬ እኮ የአደራ ከተማ ናት። ባለሱቁ ለሰላት ሲሄድ ሱቁን ለጎረቤቱ ትቶ ይሄዳል። የቤት ቁልፍ፣ የዕቁብ ገንዘብ፣ ልጅ ሳይቀር አደራ እንሰጣጣለን። በግቢያችን አንዷን ቡሬን አንዱ ልጅ በአማርኛ ድመት፣ አንዱ በኦሮምኛ አዱሬ፣ አንዱ በሶማልኛ ቢሰድ እያለ ይጠራት ነበር፤ ሁሉም ይወዳታል። ታዲያ ለ6 ሳምንት የሚይዛት ለምን ጠፋ?

መልሱ የገባኝ በሰባተኛው ቀን ነው። ጥፋቱ የጠያቂዋ ነበር። "ለጥቂት ጊዜ ያዢልኝ" ነበር የምለው። ጥቂት ጊዜ ስንት ነው? ሰው "ለጥቂት ጊዜ" ተብሎ ተሰጥቶት ባለቤቱ ጠፍቶበት ያውቃል። ድመቷን ሳይሆን መጨረሻ የሌለውን ነገር ነው የሚፈራው። ስለዚህ አጠያየቄን ቀየርኩ። "ከኅዳር 8 እስከ ታኅሣሥ 20 ትይዢልኛለሽ? ምግቧን እኔ አመጣለሁ፣ የምትጸዳዳበትን አሸዋም በየሁለት ቀኑ መጥቼ እቀይራለሁ።" በሁለተኛው ቀን ሰው ተገኘ።

መጋላ እህል የሚሸጡ እናት ናቸው። ጓዳቸውን አይጥ አስቸግሯቸዋል። እሺ ከማለታቸው በፊት ሦስት ነገር ጠየቁኝ። "ብትታመምስ? ብትወልድስ?" አሉ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፣ "ልጄ፣ ብትሞትብኝስ? በስተርጅና አደራ በላ ልባል ነው?"

ይህ ሦስተኛው ጥያቄ እስካሁን ከልቤ አልወጣም። እምቢ የሚሉን ሰዎች ስንቶቹ ይህን ፈርተው ይሆን? ጽፌ ሰጠኋቸው። ከታመመች ይደውሉልኛል፣ ወጪው የእኔ ነው፤ ብትሞት እርሳቸውን አልወቅስም። እርሳቸውም ወረቀቱን ሚዛናቸው ሥር አስቀመጡት።

ስለ መውለዱም ያሰቡት ትክክል ነው። ሴት ድመት ስድስት ወር ሳይሞላት ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋም ሁለት ወር ገደማ ነው። ስለዚህ የተዘጋ ክፍል ውስጥ እንድትቆይ ተስማማን። የሚያመክንላችሁ የእንስሳት ሐኪም ካገኛችሁ ከዚያ በፊት ብታሠሩላት በጣም ጥሩ ነው። ሴትም ሆነ ወንድ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም አስከትቡ፤ በሽታው ድመትንም ይይዛል፣ ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋል። ያልተከተበች ድመት ሰው ጓዳ ማስገባት አደራ ተቀባዩን መበደል ነው። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ጓዳውን ስናይ ከጆንያዎቹ ሥር የአይጥ መርዝ አገኘን። መርዝ የበላ አይጥ ድመቷንም ይመርዛል። አንድ በአንድ ለቅመን አወጣነው። ቡሬን ባጃጅ ላይ ክዳን ባለው ቅርጫት ወሰድኳት፤ በእቅፍ ብትሆን ደንግጣ ታመልጥ ነበር። የምተኛበትን አሮጌ ነጠላም ጨመርኩላት፤ ጠረኔን ታውቀዋለች። አሸዋው ከደቻቱ ነው። የመጀመሪያውን ቀን አልጋ ሥር ገብታ ምንም አልበላችም። በሁለተኛው ማታ ቀመሰች። ሁለት ቀን ካለፋት ግን ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል፤ ጾም የድመትን ጉበት ይጎዳል። የእኔ በኅዳር ሆነ እንጂ በግንቦት ሙቀት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዘግቶ መተው አይሞከርም።

አከራዮችንም ልሰማቸው ይገባል። ክፍት ሮቶ ውስጥ የሞተ የድመት ግልገል ያገኘ ሰው ድመት ቢጠላ አልፈርድበትም። ግን "እንስሳ አይቻልም" ከማለት "ስንት ናት? ተከትባለች? የት ትጸዳዳለች?" ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የውል ዘመን ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። ብዙዎቻችን ግን አሁንም በቃል ነው የምንስማማው። ውሉ ከተጻፈ ስለ ድመቷ አንድ መስመር ማስገባት ምንም አይከብድም። ተከራዩም ደላላ አትናገር ቢለው እንኳ ይናገር። የተደበቀች ድመት ስትገኝ ሁለቱም ናቸው የሚባረሩት።

ታኅሣሥ 20 ቅርጫቴን ይዤ መጋላ ሄድኩ። ቡሬ ጆንያ ላይ ተጋድማ ነበር። እናት ወረቀቱን ከሚዛኑ ሥር አውጥተው መለሱልኝ። በር ላይ ስደርስ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ አይጦቹ ይመለሳሉ። እንዳንቺ ቤት የሚቀይር ካለ ላኪልኝ" አሉኝ። "ቀኑን ግን ይናገር።"