ደመወዛችንንም ከጎረቤት ጋር አወዳድሩልን

የ2017 ዓ.ም. የገና በዓል ወጥ ከድስቱ ሳያልቅ ቤንዚን በሊትር መቶ ብርን ተሻገረ። 91 ብር ከ14 ሳንቲም የነበረው 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፤ ናፍጣም ከ90 ብር ከ28 ወደ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ወጣ። ጭማሪው እንደሚመጣ ሁላችንም ስለምናውቅ እኔን አላስደነገጠኝም። ያንገበገበኝ አብሮት የሚመጣው ማብራሪያ ነው። ዋጋ በተከለሰ ቁጥር ባለሥልጣኑ በመግለጫ፣ ተንታኙ በቴሌቪዥን የሚደግሙት አንድ ነገር አለ፦ የእኛ ነዳጅ ከጎረቤት አገሮች ጋር ሲነጻጸር አሁንም ርካሽ ነው። ያኔም ይኸው ተደገመ።

ይህን ክርክር ይዞ ሕዝብ ፊት መቆም እንዴት እንደሚቻል አይገባኝም።

በማግስቱ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት እንደ ወትሮው ቆጥረው የያዙትን ሰጡት። «እማማ፣ ተጨምሯል እኮ፤ አልሰሙም?» አላቸው። አልሰሙም። መቀነታቸውን ፈቱ፣ ቆጠሩ፣ እንደገና ቆጠሩ። አጠገባቸው የነበረ ወጣት ጨመረላቸውና ነገሩ አለቀ። ረዳቱም ክፉ ልጅ አልነበረም፤ እሱም ማደያ ሰልፍ ላይ አድሮ የመጣ ነው። እኔ ግን እስክወርድ ድረስ የማስበው እኚህን እናት ነበር። ናይሮቢ ላይ አንድ ሊትር ስንት እንደሆነ ብነግራቸው ምን ይሉኝ ነበር?

እሺ፣ እናወዳድር። ያኔ ናይሮቢ ላይ ቤንዚን በሊትር 176 ሽልንግ ግድም ነበር። በዶላር ሲመነዘር በእርግጥ ከእኛ ይበልጥ ነበር። እስከዚህ ድረስ የተነገረን ሐሰት አይደለም። ግን ንጽጽሩ እዚህ ላይ የሚቆመው ለምንድነው? ኬንያ ውስጥ ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ የተወሰነ ነው፤ ያኔ ናይሮቢ ላይ ለተራ የጉልበት ሠራተኛ በወር ከ16,000 ሽልንግ በላይ ነበር። ይህ ሰው ያልተቆረጠ የወር ደመወዙን እንዳለ ማደያ ቢወስደው 91 ሊትር ግድም ይቀዳ ነበር። የእኛ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ፣ ከጥቅምት 2017ቱ ማስተካከያ በኋላ፣ 4,760 ብር ነበር። በ101 ብር ከ47 ሲካፈል 47 ሊትር አይሞላም። ግማሽ ነው። በዶላር የረከሰው ነዳጅ በደመወዝ ሲለካ የእኛው እጥፍ ተወደደ ማለት ነው። እሱም ግብርና ጡረታ ሳይነካው ነው። ከ4,760 ብር ላይ የሥራ ግብሩና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው ሲቆረጥ እጅ የሚገባው 3,777 ብር ግድም ነበር፤ 37 ሊትር።

ልብ በሉ፣ ያወዳደርኩት ከመንግሥት ደመወዝ ጋር ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ቢያንስ ወለል አለው። የግሉ ዘርፍ ተቀጣሪ፣ ሕንፃ የሚጠብቀው ዘበኛ፣ ቤት ለቤት ልብስ የምታጥበው ሴት፣ ካፌ ውስጥ የምታስተናግደው ልጅ ወለል የላቸውም። አሠሪው የፈቀደውን ይከፍላል። ታዲያ ሊትሩን ከኬንያ ጋር ያወዳደረ ሰው የኬንያውን የደመወዝ ሕግ ለምን ዘለለው? ሊትሩን በዶላር ለክቶ ደመወዛችንን በብር የሚተው ሰው ሊያስረዳን የመጣ ነው ብዬ ለመቀበል ይከብደኛል። ዝም ሊያሰኘን ነው የመጣው።

ጎረቤትን መጥቀስ ከተጀመረ ደግሞ ሙሉ ይጠቀስ። የኬንያ የኢነርጂ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በየወሩ አዲሱን ዋጋ ሲያወጣ ነዳጁ ወደብ የደረሰበትን ዋጋ፣ የማጓጓዣውን፣ የነጋዴውን ትርፍ፣ የግብርና ቀረጡን ድርሻ እየነጠለ ያሳያል። ኬንያዊው ከሚከፍለው ውስጥ ስንቱ ወደ መንግሥት ካዝና እንደሚገባ በሳንቲም ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ይከራከራል። እኛ ዘንድ የሚደርሰን የመጨረሻው ቁጥር ነው፤ በዚህ ቀን፣ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ፣ ይህን ያህል ትከፍላለህ። እዚያው ጎረቤት አገር በሰኔ 2016 ወጣቶች ግብር የሚጨምረውን የፋይናንስ ሕግ ረቂቅ ተቃውመው አደባባይ ወጡ፤ ብዙዎች ሕይወታቸውን ገበሩ፤ በመጨረሻም ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ አልፈርምም ብለው ረቂቁን መለሱት። ከጎረቤት የሚጠቀስልን የማደያው ሰሌዳ ብቻ ሲሆን አልቀበልም።

ሌላው ማብራሪያ የዓለም ገበያ ነው። እሱንም ቶሎ ልለፈው፤ ብዙ ጉልበት አይፈልግምና። ሐምሌ 2016 ላይ ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል 80 ዶላር ግድም ነበር። በገና ሰሞን ከ80 ዶላር በታች ነበር። የተወደደው ዘይቱ ሳይሆን ዶላሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ብርን ለገበያ ሲለቀው 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በገና ሰሞን 125 ብር አካባቢ ደርሶ ነበር። ይህ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር በተደረገ ስምምነት፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በውሳኔ የመጣ ነው። ውሳኔው ትክክል ነው የሚል ካለ ወጥቶ «እኛ ወስነን ነው የተወደደባችሁ» ይበል። በዓለም ገበያ ጀርባ መደበቅ ግን ነውር ነው። ሐምሌ ላይ ቤንዚን 82 ብር ከ60 ነበር። ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ሲወደድ ቤንዚኑ እስከዚያ ድረስ የጨመረው ከሩብ ያነሰ ነበር። ይህ ማለት ልዩነቱን መንግሥት ተሸክሞት ነበር ማለት ነው፤ ይህንን አልክድም። ግን ደግሞ የቀረው ሸክም ወደ እኛ እየመጣ ነበር ማለትም ነው። መቶ ብሩን መሻገር የመጨረሻው ደረጃ ነው ብሎ ያሰበ ሰው ካለ ተሳስቷል።

«መኪና የሌለውን ምን አገባው?» የሚሉም አሉ፤ ይህንን ከተማሩ ሰዎች አፍ ስሰማው ነው የማዝነው። ናፍጣ የማይገባበት ነገር ካለ አሳዩኝ። ነዳጁ ራሱ ከጅቡቲ በቦቴ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሲመጣ ናፍጣ እየበላ ነው። የመቂ ገበሬ ሽንኩርቱን የሚያጠጣው በሞተር ፓምፕ ነው። ፓምፑ ናፍጣ ወይም ቤንዚን ይጠጣል፤ ሽንኩርቱን አዲስ አበባ የሚያደርሰው አይሱዙ ናፍጣ ይጠጣል፤ ከአትክልት ተራ ወደ ሰፈር ጉልት የሚያወጣው ሚኒባስም እንዲሁ። መብራት ያልደረሰበት ገጠር ውስጥ እህል የሚፈጨው በናፍጣ ወፍጮ ነው፤ እዚያ የሰፈሩ ወፍጮ ቤት ዋጋ ሲጨምር ሴቲቱ ጤፏን ይዛ ወዴት ትሄዳለች? ማዳበሪያውም ከወደብ እስከ ቀበሌ መጋዘን በተሳቢ ነው የሚሄደው፤ የዘንድሮ ናፍጣ የከርሞ ጤፍ ላይ ያርፋል። እናም በአንድ ሊትር ናፍጣ ላይ የተጨመረችው 8 ብር ከ70 ሳንቲም አንድ ጊዜ ተከፍላ አታልቅም፤ በየኬላው፣ በየተራው፣ በየመጋዘኑ እየተጨመረባት ሄዳ መሶብ ላይ ትደርሳለች። መኪና የሌለው ሰው ነዳጅ ይገዛል። የሚገዛው በሽንኩርት፣ በዱቄት፣ በሲሚንቶ፣ በሳሙና ውስጥ ነው፤ ደረሰኝ አይቆረጥለትም እንጂ ከሁሉም አብዝቶ የሚከፍለው እሱ ነው፤ ከገቢው ላይ ለምግብ የሚያወጣው ድርሻ ትልቅ ነውና።

እዚህ ጋ ነው የታለመው ድጎማ የሚያናድደኝ። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ ይሁን ተባለ፤ ባለ ሀብቱ በሕዝብ ገንዘብ ለምን ይንዳ የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ ያስማማል። ሰውን የሚጭነው ተደጎመ። ሽንኩርቱን የሚጭነው አይሱዙ ግን ከዕቅዱ ውጭ ቀረ። ድሀ ወደ ሥራ ሲሄድ ታሰበለት፣ ሲበላ ተረሳ። ሰው የሚጭነውም ቢሆን ድጎማውን ያገኘው ባለንብረት ተሳፋሪውን በታሪፉ እንዲጭን የሚያስገድደው ማነው? ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ የቆመ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ታክሲው መስመሩን ቆራርጦ ይጭናል፣ አንድ መንገድ ሁለት ሒሳብ ያስከፍላል፤ ተቆጣጣሪው ጠዋት ታይቶ ማታ የለም።

የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንዱ ዕዳ ውስጥ መዘፈቁ እውነት ነው። ነዳጅ በኮንትሮባንድ ድንበር መሻገሩም እውነት ነው፤ ሰርቆ የሚያሻግረው ሰው ግን ታክሲ ውስጥ መቀነታቸውን የፈቱት እናት አይደሉም። ቦቴ ሙሉ ነዳጅ በጀርባ ተሸክሞ ኬላ የሚያልፍ የለም። ቦቴ ታርጋ አለው፣ ሾፌር አለው፣ የመጫኛ ሰነድ አለው፣ የሚያራግፍበት ማደያ ስሙ ተጽፏል። ክፍያው በቴሌብር ሆኗል፤ እያንዳንዱ ሊትር ለማን እንደተቀዳ ይመዘገባል ተብሎ ወረፋውን ታግሰናል። ይህ ሁሉ መዝገብ እያለ ኮንትሮባንዱ ካልቆመ ዋጋ ጨምሮ «ድንበር መሻገሩ አያዋጣም» እስኪሆን መጠበቅ የመቆጣጠር ሥራን በሕዝብ ኪስ ማሠራት ነው።

ነጋዴውን ተጠያቂ ማድረግም የተለመደ ነው። ነሐሴ 2016 ላይ አላግባብ ዋጋ ጨመሩ ተብለው ሱቆች ሲታሸጉ አይተናል። ስግብግብ ነጋዴ የለም አልልም፤ ዶላሩ በአንድ ሌሊት በተንቀሳቀሰበት ሳምንት መንስኤውን ሰፈር ሱቅ ውስጥ መፈለግ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። የታሸገው ሱቅ ሲከፈት ዘይቱ በተሻለ ዋጋ አልተሸጠም።

ደመወዝ ተጨምሯል የሚል መልስ እንደሚመጣም አውቃለሁ። ከ1,500 ወደ 4,760 ማደጉ ለታችኛው እርከን ቁም ነገር ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ግን ምን ቀረ? ከፍተኛው እርከን ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ሄደ፤ 5 በመቶ። ሐምሌ 2014 ላይ ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። ሠላሳ ዓመት አገልግሎ እዚያ እርከን ላይ የደረሰ ባለሙያ ያኔ በደመወዙ 428 ሊትር ይገዛ ነበር፤ በ2017 ገና ግን 212። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ኑሮው በግማሽ ተቆረጠ። ይህ ሰው ሐኪም ሊሆን ይችላል፣ መሐንዲስ ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ ግን ለምን እንደ ድሮው እንደማይኖሩ ሲጠይቁት ከጎረቤት አገር ርካሽ ነው ብሎ አይመልስላቸውም። የመብራት ዋጋውም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ለአራት ዓመት ይቀጥላል። «ኤሌክትሪክ መኪና ግዙ» የሚለውን ምክር ለ3,777 ብር ተከፋይ የሚናገር ሰው ደግሞ የሚያናግረውን ሰው አላየውም።

በየካቲት 1966 መንግሥት ቤንዚን ላይ 50 በመቶ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ያኔ የዓለም ገበያ እውነተኛ ምክንያት ነበር፤ ከጥቅምቱ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት በኋላ ድፍድፍ ነዳጅ በጥቂት ወራት አራት እጥፍ ተወድዶ ነበር። እንዲያም ሆኖ ዋጋው በቀናት ውስጥ ተቀነሰ፤ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔም በዚያው ወር ሥልጣን ለቀቀ። ይህን የማነሳው ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። የዚያን ዘመን መንግሥት ሕዝቡን ችላ ብሎ ነበር ብለን ለልጆቻችን እናስተምራለን፤ ያ መንግሥት እንኳ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ነበር።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በ2011 ከወጣ ከአምስት ዓመት በላይ አልፎታል። አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። ቤንዚን መቶ ብርን እስከተሻገረበት ቀን ድረስ ግን ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ አንድም ወለል አልነበረም። ነዳጅ በእነዚህ ዓመታት ስንቴ እንደተከለሰ መቁጠር አቁሜያለሁ። የሚቀጥለው ክለሳ ሲወጣ፣ ይወጣልም፣ ከአዲሱ ዋጋ ሥር ሦስት ነገሮች ተጽፈው ማየት እፈልጋለሁ፦ ነዳጁ ጅቡቲ የደረሰበት ዋጋ፣ ከሊትሩ ላይ ለመንግሥት የሚገባው ድርሻ፣ ያ ቦርድ የወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ። ሦስተኛው መስመር ላይ የሚጻፍ ቁጥር ከሌለ የኬንያንም የጅቡቲንም ዋጋ አታንብቡልን።