ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም

«ግሽበቱ ቀንሷል ከተባለ ጤፍና ዘይት ለምን አልረከሱም? አሃዙ ሐሰት ነው» የሚለው አስተያየት መታረም ይገባዋል። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው ዓመታዊ የግሽበት አሃዝ የሚያሳየው አጠቃላይ ዋጋ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ወዲህ በስንት በመቶ እንደጨመረ እንጂ የዋጋውን ከፍታ አይደለም። 100 ብር የነበረ ዕቃ በመጀመሪያው ዓመት 30 በመቶ፣ በሁለተኛው 15 በመቶ ቢጨምር፣ ግሽበቱ በግማሽ ቀንሶ ሳለ ዋጋው 149 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል። በ2014 ዓ.ም. ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ የተደራረበው ጭማሪ ዛሬም በዋጋው ውስጥ አለ፤ ደመወዙ በዚያው ልክ ላላደገ ቤተሰብ ምሬቱ እውነተኛ ነው፣ ይህንንም ፈጽሞ አልክድም። አጠቃላይ ዋጋ ከዓምናው የሚወርደው ዓመታዊው አሃዝ ከዜሮ በታች ሲሆን ብቻ ነው። የወር በወር ንጽጽሩ ግን ሌላ ስሌት ነው፤ አዲስ እህል ገበያ ሲገባ ዋጋው ከቀደመው ወር ለጊዜው ሊቀንስ ይችላል።