ማስተካከያ፦ የ1988ቱ የኦሊምፒክ ወርቅ የተመዘገበው ለሊትዌኒያ አይደለም

«የሊትዌኒያ የምንጊዜም ምርጥ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማነው?» በሚለው ክርክር ላይ በስፋት የተሰራጨ ጽሑፍ፣ አርቪዳስ ሳቦኒስ እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ላይ አሜሪካን በፍጻሜ ረትቶ ለሊትዌኒያ ወርቅ እንዳመጣ፣ ከሻሩናስ ማርቹሊዮኒስ የሚበልጠውም በዚሁ እንደሆነ ይገልጻል። ይህ ስህተት ነው።

በኦሊምፒክ ይፋዊ የውጤት መዝገብ ወርቁ፣ ያኔ ሊትዌኒያን ያጠቃልል የነበረው የሶቪየት ኅብረት ነው። አሜሪካ የተሸነፈችው በግማሽ ፍጻሜ 82 ለ 76 ሲሆን፣ በፍጻሜው የተረታችው ዩጎዝላቪያ ናት፤ 76 ለ 63። ሳቦኒስ፣ ማርቹሊዮኒስ፣ ኩርቲናይቲስና ሆሚቹስ፣ አራቱም የሊትዌኒያ ልጆች፣ በዚያው ቡድን ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ ወርቁ ሁለቱን አያበላልጥም፤ ሁለቱም አላቸው። ሊትዌኒያ በራሷ ስም በቅርጫት ኳስ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘችው በ1992 ባርሴሎና ላይ ነው፦ የቀድሞ ሶቪየት ሪፐብሊኮችን ጥምር ቡድን 82 ለ 78 አሸንፋ፣ ነሐስ። ያኔም ሁለቱ አብረው ተሰልፈዋል።

ሳቦኒስን ማስቀደም ትክክል ነው፤ ማስረጃው ግን ሌላ ነው። 2.21 ሜትር ቁመት ይዞ እንደ ጨዋታ አቀጣጣይ ኳስ ያቀብል ነበር፤ የተረከዙ (የአኪለስ) ጅማት ከተበጠሰ ከዓመታት በኋላም በ1995 ከሪያል ማድሪድ ጋር የአውሮፓ ክለቦች ሻምፒዮን ሆኗል። ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው ሌላው ሊትዌኒያዊ ሻሩናስ ያሲኬቪቹስም በተጫዋችነት አራት የዩሮሊግ (የአውሮፓ ክለቦች ሻምፒዮና) ዋንጫ አለው።