የዳነ ዓይን ይመርመር፤ በታሪኩ ብቻ አይጣል

ከአዳማ እስከ ቢሾፍቱ በፈጣኑ መንገድ አንድ ሰዓት አይሞላም። የአየር ኃይሉ ማዕከል በዚህ ያህል ቅርበት በመኖሩ፣ ሰማዩን ሰንጥቆ የሚያልፈውን ጄት እያየ ያደገ የከተማችን ልጅ አብራሪ ለመሆን ቢመኝ አይገርምም። ከእነዚህ ልጆች አንዱ ዓይኑን ክፉኛ ተጎድቶ የዳነ እንደሆነ ግን ከሰፈሩ የሚሰማው ምክር ከሁለት አይዘልም። አንደኛው «ዓይን ከተነካ ወዲያ ማብረር የለም፣ እርምህን አውጣ» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ማን ያውቅብሃል፣ አፍህን ዝጋ» የሚል ነው። ሁለቱም ከቅን ልብ የሚመነጩ ምክሮች ቢሆኑም ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል። ለወታደራዊ አብራሪነት የሚያመለክት ወጣት ሊመዘን የሚገባው ዓይኑ ዛሬ በሚሠራው ሥራና ነገ ሊመጣበት በሚችለው ችግር ነው፤ ይህ ሚዛን ደግሞ ልጁ ጉዳቱን ሳይደብቅ እንዲናገር ያስገድዳል።

የዓይን ጉዳት ሁሉ አንድ አይደለም። ኮርኒያ የሚባለው ግልጽ የፊት ሽፋን ላይ ላዩን ቢጫር ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ምልክት ሳይተው ይድናል። በጥልቀት ከተቀደደ ግን ጠባሳው ብርሃንን ስለሚበትን፣ በቀን ፊደል አጥርቶ የሚያነብ ሰው በሌሊት የመብራት ነጸብራቅ ሊያስቸግረው ይችላል። ምቱ ከብሌኑ ጀርባ ያለውን ብርሃን ሰብሳቢ ሌንስ ካገኘው የዓይን ሞራ ይከተላል፤ ሬቲናን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ካናጋው ደግሞ የመላቀቅ አደጋ አለ። በከተማችን ጋራዦችና ብረታ ብረት ቤቶች ያለ መከላከያ መነጽር የሚሠራ ልጅ ስንት እንደሆነ በየቀኑ እናያለን። ብረት ሲቆረጥ የምትፈናጠረው ስባሪ ዓይን ውስጥ ገብታ ከቀረች ትዝጋለች፣ ዝገቱም ቀስ በቀስ ሬቲናን ይመርዛል። በኃይለኛ ምት ደም ከፊተኛው የዓይን ክፍል ከፈሰሰ በኋላ ደሙ ቢጠራም፣ የዓይን ፈሳሽ የሚወጣበት ማዕዘን ተቀዶ ከሆነ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳው ግላኮማ የሚባል በሽታ ከዓመታት በኋላ ሊከሰት ይችላል፤ ግላኮማው አብዛኛውን ጊዜ ስለማያም ሰውየው የእይታው ዳርቻ እስኪጠብ ድረስ አይነቃም።

እንግዲህ «አትናገር» የሚለው ምክር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በአንድ በኩል፣ ስሊት ላምፕ በተባለው ማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም የኮርኒያን ጠባሳ ወይም የተቀደደን የብሌን ጠርዝ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚያየው፣ የሚጋለጠው ጉዳቱ ብቻ ሳይሆን ውሸቱም ነው። በሌላ በኩል፣ ተደብቆ ቢያልፍ እንኳ ስለ አሮጌው ምት ያልተነገረው ሐኪም ያንን ማዕዘን ለይቶ ለማየት፣ የዓይኑንም ግፊት በየጊዜው ለመከታተል ምክንያት አይኖረውም። ጀርመናዊው ተዋጊ አብራሪ አዶልፍ ጋላንድ እ.ኤ.አ. በ1935 አውሮፕላኑ ተከስክሶ የመስታወት ስባሪ ግራ ዓይኑን ከጎዳው በኋላ፣ የመመርመሪያ ሰሌዳውን ፊደላት በቃሉ አጥንቶ ምርመራውን እንዳለፈ ይነገራል። ታሪኩን እንደ ጀግንነት የሚያወሩት አሉ። እኔ ግን ከጎኑ የሚበርሩት ጓዶቹ ሳያውቁ በእነርሱም ሕይወት የተቆመረ ቁማር አድርጌ ነው የማየው።

«ተወው» የሚለውን ምክር ደግሞ የአቪዬሽን ታሪክ ራሱ አይደግፈውም። አሜሪካዊው ዋይሊ ፖስት እ.ኤ.አ. በ1926 በነዳጅ ጉድጓድ ሥራ ላይ ግራ ዓይኑን አጥቶ፣ በካሳ ገንዘቡ የመጀመሪያ አውሮፕላኑን ገዛ፤ በ1933ም ዓለምን ብቻውን በአውሮፕላን በመዞር የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህን የማነሳው አንድ ዓይና ሰው የጦር አውሮፕላን ይሰጠው ለማለት አይደለም። ፖስት ሲቪል ነበር፣ ዘመኑም ሌላ ነው፤ ከዚህም በላይ ለረጅም ጊዜ የበረረ ሰው ዓይኑ ሲጎዳና ገና ያልሠለጠነ እጩ ተጎድቶ ሲመጣ የሚሰጠው ውሳኔ አንድ ሊሆን አይችልም። ለመጀመሪያው መንግሥት ብዙ አውጥቶበታል፣ ልምዱም ያግዘዋል፤ ለሁለተኛው በር ላይ ጠበቅ ማለት ተገቢ ነው።

ይበልጥ የሚያስተምረው የእንግሊዛዊው አብራሪ የጎርደን ክሊቨር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1940 አውሮፕላኑ ሲመታ የኮክፒቱ የፕላስቲክ ሽፋን ተሰባብሮ ሁለቱም ዓይኖቹ ውስጥ ገባ። ሐኪሙ ሃሮልድ ሪድሊ በዚያ ጦርነት የተጎዱ አብራሪዎችን ሲከታተል ያ ፕላስቲክ ዓይን ውስጥ ቢቀርም ዓይኑ እንደ ባዕድ ነገር አጥብቆ እንደማይዋጋው አስተዋለ፤ በ1949ም ከተመሳሳይ ቁስ የተሠራ ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ ተከለ። ዛሬ በአዳማ የሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ልጆቿን ዳግም የምታይ እናት ዓይን ውስጥ የሚገባው ሌንስ ዘሩ ከዚያ ይመዘዛል። ክሊቨርም በስተእርጅናው ለተረፈው ዓይኑ ያንኑ ዓይነት ሌንስ አግኝቷል። አንድን ጉዳት «አበቃ» ብሎ ከመዝጋት ይልቅ ቀርቦ ማየት ምን እንደሚያስገኝ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የመስፈርቱን ጥብቅነት በተመለከተ አንድም ነገር ይላላ አልልም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለአንደኛ ደረጃ የሕክምና ምስክር ወረቀት እያንዳንዱ ዓይን በመነጽርም ቢሆን 6/9 (ጤነኛ ዓይን ከ9 ሜትር የሚለየውን ከ6 ሜትር መለየት)፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/6 እንዲያዩ ይጠይቃል፤ የወታደራዊ ሥልጠና መመዘኛ ደግሞ በብዙ አገሮች ከዚህ ይጠብቃል። ምክንያቱም በቂ ነው። ለሬቲና ሕክምና ዓይን ውስጥ የተጨመረ ጋዝ ሳይመጠጥ የበረረ ሰው፣ ከፍታው ሲጨምር ጋዙ ስለሚለጠጥ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። ኮርኒያን በምላጭ በመሰንጠቅ ይሠራ የነበረው የድሮው የእይታ ማስተካከያም በከፍታ ላይ እይታን ይለዋውጣል። ነገር ግን በዚሁ ጉዳይ ላይ ምርመራ ሚዛንን ሲያስተካክል አይተናል፤ በሌዘር የተስተካከለ ኮርኒያ ከምላጩ የተለየ መሆኑ በጥናት ሲረጋገጥ፣ የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2007 ሌዚክ የተባለው የሌዘር ማስተካከያ የተሠራላቸው አመልካቾች ለበረራ ሥልጠና እንዲታዩ በር ከፍቷል።

ስለዚህ ሥራው ከጉዳቱ ዕለት ይጀምራል። ዓይን ላይ ቅጠል ጨምቆ ማድረግ፣ ወይም ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የስቴሮይድ ጠብታ ገዝቶ ለወራት መጠቀም፣ ሊድን ይችል የነበረውን ዓይን ያበላሻል፤ ጠብታው ራሱ የዓይን ግፊትን ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል። ወላጅም ከሆስፒታል ሲወጣ የመድኃኒት ማዘዣ ብቻ ይዞ መሄድ የለበትም። የትኛው የዓይን ክፍል እንደተጎዳ፣ ምን እንደተሠራ፣ ስፌቱ መቼ እንደወጣ፣ በመጨረሻ የተለካው እይታና ግፊት ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ይጠይቅ። ይህን ወረቀት ይዞ የሚቀርብ አመልካች ለሕክምና ቦርዱም ሥራውን ያቀልለታል።

ቦርዱም በበኩሉ ውሳኔውን በጽሑፍ ቢሰጥ፣ እምቢታው ለዘለቄታው ነው ወይስ እይታው እስኪረጋ ድረስ የሚለውን ቢለይ መልካም ነው። ከከባድ የኮርኒያ ጉዳት በኋላ እይታ ለመርጋት ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል፤ የአብራሪ ሥልጠና ደግሞ የዕድሜ ጣሪያ አለው። በሐኪም ትእዛዝ እየጠበቀ ሳለ ጣሪያው ላይ የሚደርስ ወጣት፣ መጀመሪያ ባመለከተበት ቀን የነበረው ዕድሜ እንዲያዝለት ቢደረግ የበረራ ደኅንነት በምንም አይጓደልም።