ስባሪ በፌስታል የምትጥሉ ሰዎች፣ ኧረ በአላህ!

ደሴ ውስጥ ብርጭቆ ሲሰበር የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መጀመሪያ «አብሽሪ፣ ክፉውን ይዞ ይሂድ» ይባላል። ይሄ ደግ ነው፣ አልጣላውም። ከዚያ አንዷ መጥረጊያ ይዛ ትመጣለች። ጠረግ ጠረግ፣ ወደ ማፈሻው፣ ከማፈሻው ወደ ፌስታል። አለቀ። ቡናው ይቀጥላል።

አላለቀም! የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ስባሪው ከዓይን ጠፋ እንጂ ከቤት አልወጣም።

እስቲ ቤታችንን እዩት። መጅሊስ የተነጠፈበት ነው፣ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ሕፃኑ ወለሉ ላይ ይድሃል። ቡና ካለ ደግሞ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ቄጠማ ውስጥ የገባ ስንጣሪ በምን ዓይን ይታያል? እንዳለ ጠቅልሎ ማውጣት ነው እንጂ! «አሁን እኮ ነው የጎዘጎዝነው» ብሎ የሚሳሳ አለ። በሰው እግር ቄጠማ የሚቆጥብ ሰው ወላሂ ገጥሞኛል።

መጥረጊያዋስ? የሣር መጥረጊያ ስንጣሪውን በሣሯ መሃል ይዛ ትቀራለች። ማታ በእሷው የልጆች መኝታ ይጠረጋል። በመወልወያ ጨርቅ ጠራርጎ በባዶ እጁ የሚጨምቀውንማ ምን ልበለው። ጫማ አድርጉ፣ ልጆቹን አርቁ፣ ትልልቁን በወፍራም ጨርቅ አንሡ። ለስንጣሪው ሶፍት አርጥቦ አጥፎ ወለሉን ጫን ጫን ማድረግ፣ ከዚያ ሶፍቱን መጣል ነው። የዳቦ ልብም ይለቅመዋል፤ ዳቦ መሬት ማስነካት ነውር ነው የምትሉ በሶፍቱ ቀጥሉ። መጨረሻ ላይ መብራት አጥፍታችሁ የስልኩን ባትሪ ወለሉ ላይ አጋድማችሁ አብሩት። ያልተለቀመው ሁሉ ብልጭ ይላል። ታያላችሁ፣ ትደነግጣላችሁ።

ሰው ሲቆረጥ ደግሞ የቡና ዱቄት ይዘው የሚሮጡ አሉ። ኧረ ቡናውን ለጀበናው ተዉለት! በሚወርድ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ በንጹህ ጨርቅ ተጭናችሁ ደሙን አቁሙ። ጠልቆ የገባ ስባሪ ቤት ውስጥ አይነቀልም፣ እንዳለ ወደ ሐኪም ነው። የቴታነስ መርፌም እዚያው ጠይቁ።

የባሰው ከግቢ ከወጣ በኋላ ያለው ነው። ሙሉ ጠርሙስ ቢሆን ቁራሌው ይወስደዋል፣ ስባሪ ግን ማንም አይፈልገውም። ስለዚህ ከድንች ልጣጭና ከቡና አተላ ጋር ተደባልቆ በስስ ፌስታል ይቋጠራል። ሰፈራችን ቆሻሻ የምትሰበስበው እህት እንዲህ ያለ ፌስታል ጋሪዋ ላይ ስትጭን መዳፏን ቆረጣት። የፌስታሉን ባለቤት ባናግረው «ጓንት አላት አይደል?» አለኝ። ጓንቷን አይተኸዋል? የጨርቅ ነው፣ ጣቱ ተቀዷል!

ወደ ቦይ የሚወረውረውም አለ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ወደ ቦርከና ይዞት ይወርዳል፣ ወንዝ የሚሻገር እግር ይጠብቀዋል።

ለነገሩ ስንቱን የምንሰብረው በችኮላ ነው። በደሴ ብርድ ያደረ ወፍራም ብርጭቆ ላይ የፈላ ሻይ እንገለብጣለን። ውስጡ በሙቀት ሲለጠጥ ውጪው ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ጧ! ቀድሞ በለብ ያለ ውሃ ማሞቅ ማን ከለከለን?

ከተሰበረ ግን በጋዜጣ ደራርባችሁ ጠቅልሉት፣ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ በፕላስተር አሽጉት፣ «የተሰበረ ብርጭቆ» ብላችሁ ጻፉበት። ለሰብሳቢዋም በአፋችሁ ንገሯት። ካርቶን አጣን የምትሉ ፒያሳ ብቅ በሉ፣ ሱቆቹ ደጃፍ ላይ ይጣላል። እሱም ከከበዳችሁ እኔ ቤት አለ፣ ኑ ውሰዱ።